አንድ ምንጭና አራት ዩኒቨርሲቲ

መሐንዲሶች ሲሰበሰቡ ስለ ሥራቸው የሚያወሩ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ከመሐንዲስ ጋር ሻይ ጠጥቶ አያውቅም ማለት ነው። ሐኪም ከሐኪም ጋር ሲቀመጥ ስለ በሽተኛው ያወራል፤ ጠበቃም ስለ ክርክሩ ያነሳል ይጥላል። እኛ ግን የምናወራው ስለ ተማርንበት አገር ነው። ድልድዩ ይሰንጠቅ፣ መንገዱ ይናድ፣ ቧንቧው ይፈንዳ፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ “እኛ የተማርንበት ቦታ እንዲህ አይደለም” የሚለው ላይ ያርፋል። ይህን የምለው ሰው ለማማት እንዳይመስላችሁ። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። ልዩነቴ የተማርኩበት አገር ይኸው እናንተም ያላችሁበት መሆኑ ነው። በዚያ ጨዋታ ላይ ደግሞ አገር ውስጥ የተማረ ሰው ሻይ ያዝዛል እንጂ አይናገርም።

ሰቆጣ የመጣሁት ከደጀን ነው፤ በምደባ። ሁለት ዓመት ሠርተህ ትዛወራለህ ተብዬ ነበር። ይኸው ስድስተኛ ዓመቴን ጨርሼ ሰባተኛውን ጀምሬያለሁ፤ ትዛወራለህ ያለኝ ሰውዬ ራሱ ከተዛወረ ቆይቷል። የውሃ መሐንዲስ ነኝ። ቢሯችን አንድ ክፍል፣ አራት ጠረጴዛና አንድ የሚሠራ ሶኬት አላት። አራት ነን፤ አራታችንም የተማርነው በአራት የተለያየ አገር ነው። ሶኬቱን በተራ እንጠቀማለን። ስለ አገር ማውራት ላይ ግን ተራ የለም፤ ሁሉም በአንዴ ነው።

ሽማግሌያችን ጋሼ መስፍን በሶቪየት የተማሩ ናቸው፤ አገሪቱ ፈርሳ እንኳ እሳቸው ትምህርቷን አላፈረሱም። አንደኛ ዓመት ሲገቡ መጽሐፍ አልተሰጣቸውም። አንድ ቁራጭ ብረትና አንድ ሞረድ ተሰጣቸውና ይህን አራት ማዕዘን አድርገህ አምጣ ተባሉ። ወር አልቆ ወር ሲተካ ይሞርዳሉ። መምህሩ ብረቱን ከቀጥተኛ ማስመሪያ ጋር አጋጥሞ ብርሃን ላይ ያነሳዋል፤ በመካከል ጭላንጭል ካየ ይመልስላቸዋል። ፈተናውም በወረቀት አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ካርዶች ተደፍተው ይጠብቁሃል፤ አንዱን ታነሳለህ፣ የደረሰህን ጥያቄ ፕሮፌሰሩ ፊት ቆመህ ትመልሳለህ። መልስህ ካላማረው ካርዱ ላይ የሌለውን ይጨምርልሃል። ጋሼ መስፍን ይህን ሲያወሩ ዛሬም መዳፋቸውን ገልብጠው ያያሉ።

ደሳለኝ የህንድ ምሩቅ ነው። የሱ አገር ኩራት የቤተ ሙከራ ደብተር ነው። እያንዳንዱ ሙከራ በራስህ እጅ ጽሑፍ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሥዕሉ በእርሳስ ተሠርቶ መቅረብ አለበት፤ መምህሩ ካልፈረመበት ፈተና አትቀመጥም። ከዚያ ደግሞ ከሌላ ኮሌጅ የማያውቅህ ሰው መጥቶ አፍ ለአፍ ይጠይቅሃል። አንድ ቀን ከሃያው ሙከራ ስንቱን ሠራህ ብዬ ጠየቅሁት። ደሳለኝ ውሸት አይሆንለትም። ስድስቱን ሠርቼ አሥራ አራቱን ከጓደኛዬ ገልብጫለሁ አለኝ፤ ቀጥሎም ጽሑፌ ግን ከሱ ያምር ነበር አለ።

ሄኖክ ቻይና ነው የተማረው። አንድ ዓመት ሙሉ ቋንቋ፣ ከዚያ ትምህርት፤ ሰው ጎህ ሳይቀድ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ የሚሰለፍበት አገር። መምህሮቻቸው ተማሪውን በአውቶቡስ ጭነው ግድብ ያሳያሉ። ከግድቡ ፊት ቢጫ ቆብ ደፍቶ የተነሳው ፎቶ እስከ ዛሬ ስልኩ ላይ አለ። ግድቡን በተመለከተ የሠራኸው ነገር ምንድን ነው ሲባል፣ ፎቶውን ትንሽ ካየ በኋላ፣ የግድብ ትልቅነት ሲያዩት ነው የሚገባው ይላል። እንግዲህ አይቷል፤ ገብቶታል።

እኔስ? መንግሥት ከመቶ ተማሪ ሰባውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲያፍስ ከታፈሱት አንዱ ነኝ። ሕክምና ሞልቼ ምህንድስና ደረሰኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ከመቶ በላይ ነበርን፤ ሃንዳውቱ ከኮፒ ላይ ኮፒ፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ኮፒ እየተደረገ ስለመጣ ቀመሩ ደብዝዞ ነበር። አንድ ጊዜ ከላይ ያለችው ቁጥር ሁለት ትሁን ሦስት ተከራክረን ተከራክረን በድምፅ ብልጫ ሁለት ናት ብለን ወስነናል። ለተግባር ልምምድ ወጣሁ በተባልኩበት ክረምት የሠራሁት ዋና ሥራ የፎርማኑን ቁርስ ማመላለስ ነው። እንዲያም ሆኖ በማዕረግ ተመርቄያለሁ። ሃይድሮሊክስን ኤ ነው ያገኘሁት፤ እናቴ ምን እንደሆነ ባታውቅም ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። አራቱም አገሮች በምንም ባይገናኙ በአንድ ነገር ይገናኛሉ። የሞረዱም፣ የደብተሩም፣ የግድቡም፣ የሃንዳውቱም አገር ጥያቄው ሲጀምር “እንዲህ ነው ብለህ ውሰድ” ይላል። ፍትጊያ የለም ብለህ ውሰድ። አፈሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብለህ ውሰድ። የምንጩ መጠን አይለወጥም ብለህ ውሰድ። እኛም ወሰድን። አምስት ዓመት ሙሉ ስንወስድ ኖርን። የወሰድነውን የምንመልስበት ቀን እንደሚመጣ የነገረን ግን አልነበረም።

የኔ ቀን የመጣው ፃግብጂ ወረዳ ነው። መኪና እስከሚገባበት ከሄዳችሁ በኋላ የቀረውን በእግር የምትጨርሱት መንደር አለ፤ አርባ ያህል ቤት፣ አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ ከገደል ሥር የምትወጣ አንዲት ምንጭ። ሰውም ከብትም የሚጠጣው፣ ከዚያም አልፎ ሽንኩርቱና ጌሾው የሚበቅለው በሷ ነው። መንደርተኛው የምንጯን ጉልበት የሚለካው በጸሎት ነበር፤ አንድ ጀሪካን አንድ አባታችን ሆይ ተደግሞ ሳያልቅ ይሞላል ይባላል። እኔ በሊትርና በሰከንድ ለካሁት። የነሱን ልኬት ሰምቼ ፈገግ ማለቴን አልደብቃችሁም።

ከምንጯ እስከ ቤቶቹ መካከል አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። ሴቶቹ ጀሪካኑን አዝለው እሷን መውጣትና መውረድ አለባቸው፤ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አዘንኩላቸው። ምንጩን አጎልብት፣ ማለትም ዙሪያውን በግንብ ከልለህ ውሃውን በቧንቧ አውጣ የሚል ሥራ ሲሰጠኝ፣ ቧንቧው ጉብታዋን ተሻግሮ ቦኖው እቤታቸው ደጃፍ እንዲቆም አሰብኩ። ለዚህ ደግሞ ውሃው ግንቡ ውስጥ ከምንጩ ዓይን፣ ከሚፈልቅበት ቀዳዳ፣ በላይ የአንድ ሰው ደረት ያህል ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ቀመሩን አወጣሁ፤ ሆነ። ጥያቄው ራሱ ፈተና ላይ መጥቶልኝ ያውቃል፤ የምንጩ መጠን አይለወጥም ብለህ ውሰድ የሚለው።

ግንቡ እየተሠራ ሳለ የመንደሩ የውሃ አባት መጡ። የውሃ አባት ማለት ከምንጩ የሚተርፈውን ውሃ ለየማሳው በተራ የሚያከፋፍል፣ ቦዩን የሚያስጠርግ፣ ጠብ ሲነሳ የሚዳኝ፣ በአገሬው የተመረጠ ሰው ነው። ስማቸው አያ ታረቀ ነው። አፋቸውን የፈቱት በአገሩ ቋንቋ በኽምጥኛ ነው፤ አማርኛ ሲናገሩ ቀስ ብለው፣ ቃሉን መርጠው ነው፤ ስለዚህ የሚሉት ነገር አጭር ነው። ግንቡን ዞረው አዩና ልጄ አሉኝ፤ ዓይኑ ላይ ውሃ አታቁምበት፣ ምንጭ ከተጫኑት ይሄዳል። እኔም እሺ አባቴ አልኳቸው። ይህቺን እሺ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቃታል። አንገት ዝቅ ይላል፣ ፈገግታ ይጨመርባታል፣ ሥራው እንደ ነበረ ይቀጥላል።

ምረቃው ሞቅ ያለ ነበር። ሪባን ተቆረጠ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ቄሱ ባረኩ። ቦኖው ደጃፍ ላይ ውሃ ሲወርድ የአያ ታረቀ ልጅ ዝማም፣ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ሆዷን ይዛ ይህቺ ልጅ ተራራ ሳላወጣት ልትወለድ ነው አለችኝ። በዚያች ቀን ከኔ በላይ የኮራ መሐንዲስ በሶቪየትም በቻይናም አልነበረም። አያ ታረቀም መጥተው ነበር። እሳቸው ያዩት ግን ቦኖውን አልነበረም፤ ወደ ምንጩ ወርደው ግንቡ ሥር ያለውን ድንጋይ በእጃቸው ሲዳስሱ ቆዩ።

ጥር ላይ ውሃው ቀጠነ። የካቲት ላይ ጀሪካን ለመሙላት ስንት አባታችን ሆይ እንደሚደገም መቁጠር ቀረ፤ ሰው ጀሪካኑን አስቀምጦ ሄዶ ይመለስ ጀመር። መጋቢት አጋማሽ ላይ ቦኖው አየር ተፋ፤ ከዚያ አየሩም ቀረ። ግንቡን ከፍቼ ስገባ ውስጡ እርጥብ ጭቃ ብቻ ነበር። ነገሩ የገባኝ እዚያው ተንበርክኬ እንዳለሁ ነው። ያቆምኩት ውሃ በክብደቱ ዓይኑን ተጭኖታል፤ የተጫነው ውሃ ወደ ኋላ ተመልሶ በገደሉ ውስጥ ሌላ ስንጥቅ ፈልጓል፤ አግኝቷልም። ወዴት እንደሄደ እግዜር ነው የሚያውቅ። ሩብ ሰዓት አድናለሁ ብዬ ግማሽ ቀን ወሰድኩባቸው፤ ሴቶቹ አሁን ውሃ የሚቀዱት ታች ወንዙ ድረስ ወርደው ነው። ጎህ ሲቀድ የወጣች ሴት ቤቷ የምትገባው ፀሐይ ከከረረ በኋላ ነው።

ዝማም አራስነቷን በቅጡ ሳትጨርስ ልጇን አዝላ፣ ጀሪካኑን አህያ ላይ ጭና ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘኋት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸችም። ሁለት ቤት ተነስቶ ሄዷል አለችኝ። እኛም ክረምት እስኪገባ ውሃው ካልተመለሰ እንነሳለን፤ ባሌ ሰቆጣ የቀን ሥራ እያፈላለገ ነው፤ አባቴ ግን አልነሳም ብለዋል፣ እዚህ ብቻቸውን ውሃ ማን ይቀዳላቸዋል አለች። ከዚያ አህያዋን ነድታ አለፈች። ማፈር ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አላውቅም ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን የሚያጣራ የቴክኒክ ኮሚቴ አቋቋመ። አባላቱ እነማን እንደሆኑ መቼም ሳልነግራችሁ ታውቃላችሁ፤ ጋሼ መስፍን ሰብሳቢ፣ ደሳለኝ ጸሐፊ፣ ሄኖክ አባል፣ እኔ ማብራሪያ ሰጪ። በአንድ መኪና ሄደን የቀረውን በእግር ጨረስን። ምንጩ አጠገብ ካለች ወይራ ጥላ ሥር ተቀመጥን። አያ ታረቀና ጥቂት ሰዎች ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። እኔም የሆነውን አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ጨረስኩ።

ይህን ብትሰሙ ነገሩ ያለቀ ይመስላችኋል አይደል? የጀመረው ገና ያኔ ነው። ጋሼ መስፍን አንድ መሐንዲስ ሞረድ ሳይዝ ስለተመረቀ ነው እንዲህ የሚሆነው አሉ፤ ውሃው የሄደበትን ለማወቅ ቀለም ተጨምሮ ታች ያለው ሸለቆ ሁሉ መታየት አለበት። ደሳለኝ የመጀመሪያው ልኬት የት አለ አለ፤ ቢያንስ አንድ ዓመት በየወሩ ተለክቶ ደብተር ላይ መስፈር ነበረበት፣ አሁንም ልኬት ሳይሰበሰብ ምንም መነካት የለበትም። ሄኖክ ደግሞ በምንጭ ዘመን አይደለንም፣ መቆፈሪያ ማሽን አምጥቶ ጥልቅ ጉድጓድ ማውጣት ነው አለ። መኪና የማይገባበት መንደር ማሽኑ በምን ይገባል ሲባል፣ ቻይና ቢሆን መጀመሪያ መንገዱ ይሠራ ነበር አለ። ከዚያ በኋላ ምንጯ ተረሳች። ሞረድ ይሻላል፣ ደብተር ይሻላል፣ ግድብ ማየት ይሻላል፤ የሦስት አገር የትምህርት ሚኒስቴር ፃግብጂ ወይራ ሥር ጉባኤ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ሦስቱም የሚሉት ነገር ስህተት አልነበረም፤ ይህ ነው የሚያናድደው። በመካከል ጀሪካን የጫኑ ሴቶች በአጠገባችን አለፉ። ዝም ብለን አሳለፍናቸውና ቀጠልን።

አያ ታረቀ ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ልጠይቅ አሉ። እነዚህ የምታነሷቸው አገሮች ትልልቅ እንደሆኑ ይገባኛል፤ ለመሆኑ በነሱ አገር ውሃ ላይ የሚሾመው ሰው ማሳው የት ነው አሉ። ጋሼ መስፍን ጥያቄው አልገባንም አባቴ አሏቸው። እሳቸውም አስረዱን። እኛ ዘንድ የውሃ አባት የሚመረጠው ማሳው ከቦዩ ጅራት ከሆነ ሰው ነው፤ ከቦዩ ራስ ላይ ያለ ሰው አይመረጥም። ውሃው ለሱ የሚደርሰው ለሁሉም ከደረሰ በኋላ ነው። ካበላሸ መጀመሪያ የሚደርቀው የሱ ሽንኩርት ነው፤ ስለዚህ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ከመሾሙም በፊት ከቀድሞው የውሃ አባት ሥር ሦስት በጋ ይውላል፤ ምንጩን በግንቦት፣ ውሃው ሲያንስ ያየዋል። የኔን ሽንኩርት ሄዳችሁ እዩት፤ ከጥር ጀምሮ የለም አሉ። ቀጥለው ወደኔ ዞሩና፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ አንተ ከየት ነው የምትጠጣ አሉኝ።

እኔ የምጠጣው ሰቆጣ ከሱቅ ገዝቼ የፕላስቲክ ውሃ ነው። ከቦርሳዬ አንገቱ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። ምንጩን የለካሁት ደግሞ በጥቅምት ነው፤ የክረምቱ ውሃ ገና ከገደሉ ሳይወጣ፣ በጀቱ የሚለቀቀው ያኔ ስለሆነ። ሁለቱንም ነገርኳቸው። ከኛ መካከል አንድም ሰው ስለ አገር አላነሳም። ጋሼ መስፍን ለመጀመሪያ ጊዜ መዳፋቸውን ሳያዩ፣ ታዲያ ምን ይደረግ ይላሉ አባቴ ብለው ጠየቁ።

አፍርሱት አሉ አያ ታረቀ። ዓይኑን ልቀቁት፤ በዝቅተኛው ድንጋይ በኩል ይፍሰስ፤ ከመጣ ይመጣል።

እዚህ ላይ ነው የመንግሥት ሥራ መሆኑ ትዝ ያለን። ግንቡ በቋሚ ንብረትነት ተመዝግቧል። ቋሚ ንብረት ለማፍረስ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ደብዳቤው አስተያየት ይሰጥበታል፤ አስተያየቱ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ደሳለኝ ቃለ ጉባኤው ላይ “ከፋሲካ በኋላ በሚደረግ ተጨማሪ ጥናት እንዲወሰን” ብሎ በዚያ ውብ ጽሑፉ አሰፈረ። ሁላችንም ፈረምን። እኔም ፈረምኩ፤ ምን ላድርግ?

መኪናው ጋ ስንደርስ ግን እግሬ እምቢ አለኝ። ጥቂት ነገር ልለካ እቀራለሁ አልኳቸው። ጋሼ መስፍን ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ምን ልለካ እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ መኪናው ኋላ ያለውን ትልቁን መዶሻ አውርደው እግሬ ሥር አስቀመጡልኝና ገቡ። ሶቪየት ምን እንዳስተማረቻቸው ያን ቀን ነው የገባኝ።

የራስን ሥራ ማፍረስ እንዴት ከባድ መሰላችሁ! ሲሚንቶውን ራሴ ቆሜ ነው ያስቦካሁት፤ አላጭበረበርኩበትም፤ ስለዚህ አይፈርስም። መዳፌ ተልጦ ደም ሲያወጣ አያ ታረቀ ተቀበሉኝ፤ ከሳቸው የዝማም ባል ተቀበለ፤ ሴቶቹ ድንጋዩን ከሥር ሥር እየለቀሙ ያነሳሉ። ያቆምኩትን ከፍታ እስከ ዓይኑ ድረስ አወረድነው፤ ጭቃውን ጠረግን፤ በዝቅተኛው ድንጋይ በኩል መውጫ ተወልን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁላችንም ዙሪያውን ቁጭ ብለን ድንጋዩን እያየን ጠበቅን። ምንም የለም። በማግሥቱም ምንም። በሦስተኛው ቀን ወደ ሰቆጣ ተመለስኩ። ንብረት አፍርሼ፣ ውሃ ሳላመጣ፣ እጄን በጨርቅ አሥሬ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰባት ቀን ሙሉ ቢሯችን ውስጥ ስለ ምንም አገር አልተወራም።

በሰባተኛው ቀን ስልኬ ጠራ። ዝማም ነበረች፤ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥታ ነው የደወለችው፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። መጣ አለችኝ። ማን መጣ አልኳት በድንጋጤ፤ ተቆጣጣሪ የመጣባቸው መስሎኝ። ውሃው ነዋ አለች፤ ሳቋንና ልቅሶዋን መለየት አልቻልኩም። እኔም ከቢሮ ወጥቼ ከጀርባው ካለው ግድግዳ ተጠግቼ አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ ልደብቃችሁ። ታዲያ ዝማም ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት አንድ ነገር ጨመረች፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም አለች። ሄጄ አየሁት። በፊት አንድ አባታችን ሆይ የሚበቃው ጀሪካን አሁን ሦስት ይፈልጋል። ለሰውና ለከብት ይበቃል። ለሽንኩርቱ አይተርፍም። ቦዩ ደርቋል፤ የውሃ አባትነቱም አብሮ ቀረ፤ የሚከፋፈል ውሃ ከሌለ የሚሾም ምን አለ? ዝማም ግን አልተነሳችም፤ ከሄዱት ሁለት ቤቶችም አንዱ ተመልሷል።

የዲሲፕሊን ደብዳቤ ስጠብቅ ሪፖርት መጣ። የበላይ አካል የጻፈው ነው፤ ማን እንደጻፈው አልነግራችሁም፣ አላውቅምም። ሁለት የመፍትሔ ሐሳብ አለው። አንደኛው፣ ባለሙያው ያሳየው የችግር አፈታት ተነሳሽነት የሚበረታታ ስለሆነ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ሲገኝ ቅድሚያ ይሰጠው። ባለሙያው እኔ ነኝ። ሁለተኛው፣ በአካባቢው ማኅበረሰብ ዘንድ የምንጭ አጠባበቅ የግንዛቤ ክፍተት ስለታየ የሁለት ቀን ሥልጠና ይሰጥ። አሠልጣኝም እኔው ነኝ። ጋሼ መስፍን ሪፖርቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። እኛ አገር እንኳ እንዲህ ያለ አልነበረም አሉ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ካልሄድኩ ሌላ ሰው ይላካል፤ ያ ሰው ደግሞ ጥፋቱ የነሱ ነው ብሎ ያስተምራቸዋል። ሄድኩ። በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ጣቢያው ሃያ ያህል ሰው ተሰበሰበ። አያ ታረቀ ከፊት ወንበር፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀመጡ። ተነሳሁና የምንጭ ዓይን ላይ ውሃ ማቆም አይገባም ብዬ ጀመርኩ። የራሳቸውን ቃል መልሼ ለራሳቸው አስተማርኳቸው። እሳቸውም አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም፤ አንድ ነገር ስሳሳት ብቻ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ እኔም አስተካክላለሁ። በሁለተኛው ቀን ማብቂያ ላይ መቻል አቃተኝና፣ ይህ ሁሉ የመጣው በእናንተ አይደለም፣ ምንጫችሁን ያደረቅሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አልኳቸው። ዝማም ከኋላ ሆና፣ እሱንማ ድሮም እናውቃለን፣ አንተ መቼ ትናገረዋለህ ብለን ነበር አለችኝ። ሰዎቹ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም።

መጨረሻ ላይ የምስክር ወረቀት ታደለ። አያ ታረቀ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና፣ ዓይኔ አላይ አለኝ፣ ምን እንደሚል አንብብልኝ አሉ። አነበብኩላቸው፤ አቶ ታረቀ በምንጭ አጠባበቅ መሠረታዊ ሥልጠና ላይ የተሰጠውን ትምህርት በሚገባ ተከታትለው ስላጠናቀቁ ይህ ምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸዋል። ከታች ያለችው ይህች የተጠማዘዘች ነገርስ አሉኝ። የኔ ፊርማ ናት አባቴ አልኳቸው። አንተም እንዲህ ያለ ወረቀት አለህ አሉኝ። አዎ፣ ከዚህ የሚበልጥ አለኝ አልኳቸው። እሱንስ ማን ፈረመልህ አሉ። ያስተማረኝ ፕሮፌሰር ነው አልኳቸው።

ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ያዙ። ሊያሾፉብኝ እንዳልነበረ እምላለሁ፤ ከልባቸው ማወቅ ፈልገው ነው።

እሱስ ልጄ፣ አሉኝ፤ የማንን ምንጭ አድርቆ ተማረ?